ፍላጎትና ትጋት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪን የሚያበረታው ምንድን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር፤ ሃላሌ)





ዛሬ የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ጉባኤ፣ ለእኛ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጥቂት ቃል እንድናሰማ ዕድል ስለ ተሰጠን ከልብ እናመሰግናለን። በበዓል ቀን የሚሰማ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ምስጋናና ምርቃት ነው። እኛ ግን ምስጋናችንን በአጭሩ አቅርበን፣ የቀረውን ጊዜ በልባችን ስለሚመላለስ አንድ ጥያቄ ለመናገር መርጠናል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ከአንድ ወንበር ተነሥተው፣ ከአንድ መምህር ተምረው፣ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከገቡ ሁለት ተማሪዎች አንደኛው ሲበረታ ሌላው የሚደክመው በምን ምክንያት ነው?

ብዙ ሰው መልሱን ለመስጠት አይዘገይም። «አንዱ ጎበዝ፣ ሌላው ሰነፍ ስለ ሆነ ነው» ይላል። ይህ መልስ አጭርና ቀላል ስለ ሆነ ይወደዳል፤ ነገር ግን ጥያቄውን በሌላ ስም መጥራት እንጂ መልስ መስጠት አይደለም። ሰነፍ የተባለው ልጅ ለምን ሰነፈ? ብለን ብንጠይቅ ወደ ተነሣንበት እንመለሳለንና።

ነገሩ ለእኛ የጨዋታ ወሬ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ከተሰጠ ወዲህ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ የሚያመጣው ተማሪ ቁጥር ሁላችንንም አስደንግጧል። በዚያ ዓመት ካለፈው ተማሪ ድርሻ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ መግባት ብቻውን መዳረሻ አለመሆኑም ታይቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ ከመንግሥትና ከግል ተቋማት ተማሪዎች መካከል ያለፉት ከ100 ወደ 41 የሚጠጉት ብቻ ነበሩ። እነዚያ የወደቁት ተማሪዎች ሦስትና አራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው። ከእያንዳንዳቸው በስተ ኋላም በሬ የሸጠ አባት፣ ቅቤዋን ገበያ ያወጣች እናት፣ ትምህርቱን ለታናሹ ሲል ያቋረጠ ወንድም ይኖራል። እንግዲህ «ሰነፍ ነው» ብሎ ማለፍ ለእነዚህ ሁሉ ቤተ ሰቦች የሚበቃ መልስ አይሆንም።

ውድ አድማጮቻችን፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻናል። አንደኛው ፍላጎት ነው፤ ይኸውም ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣው የልብ ግፊት ነው። ሁለተኛው ትጋት ነው፤ ይኸውም ፍላጎቱ በጊዜ፣ በጉልበትና በሐሳብ ሲገለጥ ነው። ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርገው ይቆጥሯቸዋል፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በወላይታና በዳውሮ መካከል የሚፈሰው የኦሞ ወንዝ ከጥንት ጀምሮ በብርቱ ኃይል ሲወርድ ኖሯል። ያ ሁሉ ኃይል ግን አንዲት አምፖል አላበራም ነበር። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ 243 ሜትር ከፍታ ኖሮት ውኃውን ከያዘውና ወደ መዘውሮቹ ከመራው በኋላ ግን፣ እስከ 1,870 ሜጋዋት ኃይል የማመንጨት አቅም ተገኘ። ወንዙ ፍላጎት ነው፤ ግድቡና መዘውሩ ትጋት ናቸው። ወንዝ ከሌለ ግድብ ባዶ ግንብ ነው፤ ግድብ ከሌለ ደግሞ ወንዙ እያጓራ አልፎ ይሄዳል። በየዓመቱ መስከረም ላይ «ዘንድሮስ አጠናለሁ!» ብለን የምንፎክረው ፉከራ ኅዳር ሳይደርስ የሚጠፋው እንዲሁ ነው።

አሁን ስለ ፍላጎት ጥቂት እንናገር። ፍላጎትም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ከውጭ ይመጣል፤ ሽልማት፣ ደመወዝ፣ የሰው አፍ፣ የአባት ቁጣ እነዚህ ሁሉ ከውጭ የሚገፉ ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ ከውስጥ ይመነጫል፤ የማወቅ ጉጉት፣ የሥራው ጣዕም፣ ለወገን የመጥቀም ምኞት ከዚህ ወገን ናቸው። ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ያሳተመው ጥናት በዚህ ነገር ላይ ብርሃን ሰጥቷል። ለኮሌጅ ተማሪዎች ቅርጽ እየገጣጠሙ የሚፈቱት እንቆቅልሽ ሰጣቸው። ጨዋታውን ሁሉም ወደዱት። ቀጥሎ ለአንደኛው ክፍል ለፈቱት ለእያንዳንዱ ገንዘብ ከፈላቸው፤ ለሌላው ክፍል ምንም አልከፈለም። በሦስተኛው ጊዜ ክፍያው ሲቀር፣ ገንዘብ የለመዱት ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓታቸው እንቆቅልሹን የሚነኩበት ጊዜ አጠረ። በገንዘብ ፈንታ በመልካም ቃል የተመሰገኑት ተማሪዎች ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም፤ እንዲያውም በረታ።

ከዚህ የምንማረው ሽልማት ክፉ ነው ማለትን አይደለም። ነገር ግን ልጅ መጽሐፍ የሚገልጠው ተንቀሳቃሽ ስልክ ይገዛልኛል ብሎ ብቻ ከሆነ፣ ስልኩ በእጁ በገባ ማግሥት መጽሐፉ ይከደናል። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አባት የማይቆጣበት፣ እናት የማትቀሰቅስበት፣ ደወል እንደ እዚህ የማይደወልበት ሀገር ነው። ከቤቱ የውጭ ግፊት ብቻ ይዞ የሄደ ተማሪ እዚያ ሲደርስ የሚገፋውን ያጣል። በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ በደንብ ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲላላ ብዙ ጊዜ የሚታየው ለዚህ ነው ብለን እናምናለን።

በዚህ በወላይታ ምድር የውስጥ ፍላጎት ምን ማድረግ እንደሚችል የሚያስረዳ ታሪክ አለን። ብዙዎቻችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርን ስለ ሆንን ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም. የውጭ ሀገር ሚሲዮናውያን ከሶዶ ሲወጡ፣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ የወላይታ አማኞች ከሃምሳ የማይበልጡ ነበሩ። በእጃቸው የነበረው የታተመ ቃልም እጅግ ጥቂት ነበር። የሚያስተምራቸው የውጭ ሰው አልነበረም፤ የምስክር ወረቀት የሚሰጣቸውም አልነበረም፤ እንዲያውም ያገኙት እስራትና ግርፋት ነበር። ይሁን እንጂ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው እያነበበ፣ የሰማው ላልሰማው እያሰማ፣ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ጠበቃቸው። ከሃይማኖቱ ነገር ሌላ፣ ይህ ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። የሚማርበትን ምክንያት በልቡ የያዘ ሰው መምህሩ ሲሄድ ትምህርቱን አያቋርጥም።

«ታዲያ በልቤ ፍላጎት ከሌለ ከወዴት ላምጣው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በተለይም በሀገራችን ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ትምህርት ክፍል የሚደለደለው በውጤቱና ባለው ቦታ መጠን ስለ ሆነ፣ ሕክምና የተመኘው ሌላ ትምህርት ሲደርሰው እናያለን። ያን ጊዜ ብዙዎች «ይህ የኔ አይደለም» ብለው ልባቸውን ያነሣሉ።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ተማሪ እንዲተጋ ሁለት ነገሮች በልቡ መገናኘት አለባቸው። አንደኛው «ይቻለኛል» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «ይጠቅመኛል» ማለት ነው። የሁለቱ ግንኙነት እንደ ማባዛት እንጂ እንደ መደመር አይደለም። በማባዛት ጊዜ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢበዛ ውጤቱ ዜሮ ነው። ትምህርቱ እንደሚጠቅመው እያወቀ አይቻለኝም ያለ ተማሪ አይጀምርም፤ እንደሚችለው እያወቀ ምን ይረባኛል ያለም አይጨርስም።

ደስ የሚለው ግን ሁለቱም ሊያድጉ የሚችሉ መሆናቸው ነው። ክሪስ ሃለመንና ጁዲት ሃራኪዊች የተባሉ አሜሪካውያን አጥኚዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ የ9ኛ ክፍል የሳይንስ ተማሪዎችን በሁለት ከፈሉ። አንደኞቹ የተማሩትን ጠቅለል አድርገው እንዲጽፉ፣ ሁለተኞቹ ደግሞ የተማሩት ነገር ለገዛ ኑሯቸው ምን እንደሚያገለግል እንዲጽፉ ታዘዙ። ሳይንስ አይሳካልንም ብለው ያስቡ ከነበሩት መካከል፣ ትምህርቱን ከኑሯቸው ጋር አያይዘው የጻፉት ፍላጎታቸውም ውጤታቸውም ከፍ አለ።

ይህን እኛም በሃላሌ ልናደርገው እንችላለን፤ ወረቀትና እርሳስ እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም። እንሰት የወላይታ ቤት ምሰሶ ነው። እንሰትን የሚያጠወልገው በሽታ በየጓሮው ሲገባ እናቶቻችን ሲያዝኑ አይተናል። የዚህ በሽታ ምክንያት ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከአንድ የውጭ ሀገር ባልደረባቸው ጋር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 በጽሑፍ ገለጡ። እንግዲህ «ባክቴሪያ» የሚለው ቃል ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ ቃል አይደለም፤ በጓሯችን ያለ ጠላት ስም ነው። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ የሚሆነው ነገር ኬሚስትሪ ነው። የጊቤ ሦስት መዘውር ፊዚክስ ነው። ያልተመኘው የትምህርት ክፍል የደረሰው ተማሪ «ይህ ትምህርት በወላይታ የማንን ችግር ይፈታል?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱን ቢጽፍ፣ ልቡ ቀስ በቀስ ወደ ትምህርቱ ሊያዘነብል ይችላል። ሰው የወደደውን ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ ያወቀውንም ይወዳልና።

ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ትጋት፣ እንለፍ። ትጋት ማለት ለረጅም ሰዓት ደብተር ላይ ማፍጠጥ ይመስለናል። የተጠናው ነገር ግን ሌላ ያሳያል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ እንዲያነቡ አደረጉ። ከዚያም አንዳንዶቹ ጽሑፉን ደግመው አነበቡ፤ ሌሎቹ ግን ጽሑፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 ከመቶ ሲያስታውሱ ሌሎቹ 75 ከመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ያነበቡት 42 ከመቶ ብቻ ሲያስታውሱ፣ ዘግተው የጻፉት 56 ከመቶ አስታወሱ። ስለዚህ በፈተና ዋዜማ ደጋግሞ የሚያነብ ሰው አወቅሁ ብሎ ይተኛል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ብዙውን ይረሳል።

ይህን ነገር ወላጆቻችን በሌላ መልክ ያውቁታል። ለጊፋታ በዓል የሚታረደው በሬ ገንዘቡ የሚገኘው በዋዜማው ተሯሩጦ አይደለም። ጎረቤት ከጎረቤት ተጣምሮ ከወራት አስቀድሞ ጥቂት በጥቂት ያጠራቅማል፤ በዓሉ ሲደርስ ሁሉም በደስታ ይካፈላል። ለአንድ ቀን ሥጋ ይህን ያህል ከታሰበ፣ ለአራት ዓመት ትምህርት አስቀድሞ አለማሰብ እንዴት ይሆናል?

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካውን ታሪክ እንንገራችሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሒሳብ ሰው በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ ብዙ ጥቁር ተማሪዎች በካልኩለስ ሲወድቁ፣ ከቻይና ወገን የመጡ ተማሪዎች ግን ሲበረቱ አየ። ሌሎች መምህራንን ምክንያቱን ቢጠይቅ «ፍላጎት የላቸውም»፣ «ቤተ ሰቦቻቸው ስለ ትምህርት አይጨነቁም»፣ «መሠረታቸው ደካማ ነው» አሉት። እርሱ ግን በግምት አልረካም። ከሁለቱም ወገን ሃያ ሃያ ተማሪዎች መርጦ አኗኗራቸውንና አጠናናቸውን ተከታተለ። ያገኘው ነገር ከግምቱ ሁሉ የተለየ ነበር። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ፍላጎት አልጎደላቸውም፤ ቤተ ሰቦቻቸውም ለትምህርት ብዙ የደከሙ ነበሩ። ተማሪዎቹ መምህሩ ያዘዛቸውን ሰዓት ያህል ያጠኑ ነበር። ነገር ግን የሚያጠኑት ብቻቸውን ነበር። ሲሳሳቱ የሚያርማቸው አልነበረም፤ ሲቸገሩም ችግሩ የእነርሱ ብቻ ይመስላቸው ነበር። የቻይና ልጆች ግን ማታ ማታ ተሰብስበው፣ አብረው እየበሉ፣ አንዱ የሌላውን መልስ እያረመ ያጠኑ ነበር። ትራይስማን ይህን ካየ በኋላ ከባድ ጥያቄዎችን በኅብረት የሚሠሩበት የጥናት ጉባኤ አቋቋመ፤ በዚያም የተካፈሉት ጥቁር ተማሪዎች ውጤት እጅግ ተሻሻለ።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ይህ ታሪክ ስለ እኛ የተነገረ ያህል ነው። ከመካከላችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ልጅ በወላይትኛ አፉን የፈታ፣ በአማርኛ ገበያ የወጣ፣ በእንግሊዝኛ የሚፈተን ልጅ ነው። መምህሩ የተናገረው ያልገባው እንደ ሆነ «እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ» ብሎ ያፍራል፤ አፍሮም እጁን አያነሣም፤ እጁን ስላላነሣም ይበልጥ አይገባውም። ከጊዜ በኋላ ከክፍል መቅረት ይጀምራል። በሩቅ ያየው ሰው «ሰነፈ» ይላል። ነገር ግን ልጁን የጣለው ስንፍና ሳይሆን ብቸኝነት ነው። የሀገራችን ገበሬ አረም ሲበረታበት ጎረቤቱን ለደቦ ይጠራል እንጂ «ሰው ያየኛል» ብሎ እርሻውን አያሳርምም? እንዲህ ያለ ገበሬ አናውቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ለእርሻና ለዕድር ብቻ ሳይሆን ለጥናትም ልናውለው ይገባል።

ይህን ሁሉ ስንል፣ ፍላጎትና ትጋት ካሉ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው ማለታችን አይደለም። መጽሐፍ የሌለው ቤተ መጻሕፍት፣ መሣሪያ የሌለው ላቦራቶሪ፣ የተራበ ሆድ የተማሪን ልብ ይሰብራሉ። የተራበን ልጅ «ልብህን አነሣሣ» ብሎ መምከር ምክር አይባልም። ፍላጎት ከውጤት በፊት ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ ትንሽ የተሳካለት ሰው ፍላጎቱ ይጨምራል፣ ፍላጎቱ የጨመረም ይበልጥ ይሳካለታል። ስለዚህ የደከመውን ተማሪ ለማንሣት ትልቅ ስብከት ሳይሆን ሊወጣው የሚችል ትንሽ ዳገት ያስፈልገዋል።

እንግዲህ በመጨረሻ ለሦስት ወገኖች ሦስት ልመናዎች አሉን።

ለወላጆቻችን፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ «ስንት አገኘህ?» «ስንተኛ ወጣሽ?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ምን ተማርህ?» «ምን ተማርሽ?» ብላችሁ ጠይቁን። ፊደል ያልቆጠረ አባትም ይህን መጠየቅ ይችላል። ለእናንተ ስናስረዳ ለራሳችን ይገባናል። ልጃገረዶችንም ከጥናት ሰዓታቸው ውኃ ለመቅዳትና ለወጥ ቤት ብቻ አትጥሯቸው፤ ትጋት ጊዜ ይፈልጋልና።

ለመምህሮቻችን፤ የደከማችሁልንን ድካም እናውቃለን። ነገር ግን ጥያቄ እየጠየቃችሁ፣ እያከራከራችሁን፣ በቡድን እያሠራችሁን ብታስተምሩን የበለጠ እንጠቀማለን። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የታተመና 225 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ጽሑፍ፣ በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ትምህርት ተማሪዎች ዝም ብለው በሚሰሙባቸው ክፍሎች የሚወድቁት ከ100 ወደ 34፣ ተሳትፈው በሚማሩባቸው ግን ወደ 22 መሆናቸውን አሳይቷል። ከመቶ ተማሪ አሥራ ሁለት ማዳን ቀላል ነገር አይደለም።

ለታናናሾቻችንና ለራሳችን፤ የሚቻለን ብዙ ነው። በየመንደራችን አራት አምስት ሆነን የጥናት ደቦ እናቋቁም። የተማርነውን በዚያው ቀን ደብተር ዘግተን በቃላችን እንጻፈው። ያልገባን ነገር ሲኖር እጃችንን እናንሣ፤ ያፈርንበት ጥያቄ የግማሹ ክፍል ጥያቄ ነውና። እኛ የዘንድሮ ተፈታኞችም ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሁሉ፣ ከሃላሌ የመጣ ሌላ ልጅ በዚያ ግቢ ብቻውን ሲያጠና እንዳያይ፣ ካየም አጠገቡ ወንበር ስቦ እንዲቀመጥ በዚህ ጉባኤ ፊት ቃል እንገባለን። ውጤት ያልመጣለት ጓደኛችንንም «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት እንዴትና ከማን ጋር ያጠና እንደ ነበረ እንጠይቀዋለን።

ትምህርት ቤታችንን ለመሠረቱ፣ ላስተማሩን መምህራን፣ ከጉልበታቸውና ከጉሮሯቸው ቀንሰው ላሳደጉን ወላጆች ሁሉ ምስጋናችን የላቀ ነው። እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይጠብቅልን፤ ለሚቀጥለውም በዓል በጤና ያድርሰን።